ድንጋዩን ያራቆተው ማን ነው? ስለ ባሕር አልጌ፣ ስለ ጋጮችና ስለ ባለ ዛጎሎች

መምህር ዘአዘዞ

ጤና ይስጥልኝ። ለ11ኛ ክፍል የባዮሎጂ ክበብ ስለ ዓለታማ የባሕር ዳርቻ ሦስት ክፍለ ጊዜ ተመድቧል። ለጎንደር ልጅ የሚቀርበው ትልቅ ውሃ ጣና ነው፤ ባሕር በዓይኑ ያየ ተማሪ የለም። ያለው ማስተማሪያ ነገሩን «አልጌ ይበቅላል፣ ቀንድ አውጣ ይበላዋል፣ ኮከብ ዓሣ ደግሞ ቀንድ አውጣውን ይበላዋል» ብሎ በአንድ መሥመር ይዘጋዋል። እንዲህ ከሆነማ ከሣር፣ ከበግና ከቀበሮ በምን ተለየ?

ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በአልጌው፣ በጋጮቹ (አልጌውን በሚግጡት እንስሳት) እና ድንጋይ ላይ ተጣብቀው በሚኖሩት ባለ ዛጎሎች መካከል በእርግጥ ምን እንደሚካሄድ። ሁለተኛ፣ ከዚህ ውስጥ ጣና ላይ ባለችው ጎርጎራ ዳር ወይም በትምህርት ቤት ግቢ በዓይን ሊታይ የሚችለው የቱ እንደሆነ። በጀት የለንም፤ ሳፋ፣ ገመድና ጉልበት አለን።

ዓለት ዳር

መምህር፣ ሰንሰለቱን ይተዉት። እዚያ ድንጋይ ላይ የሚያጥረው ምግብ ሳይሆን ቦታ ነው። ሙሰል የሚባለው ባለ ሁለት ክፋይ ዛጎልና ባርናክል የሚባለው ድንጋይ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ባለ ዛጎል ባሉበት ተቀምጠው ውሃው ያመጣላቸውን ጥቃቅን ነገር እያጠለሉ ይበላሉ። አልጌውም ሥር የለውም፤ ማዳበሪያውን በመላ አካሉ ከውሃ ይስባል፣ ድንጋዩን የሚፈልገው ለመጨበጫ ብቻ ነው። ስለዚህ ማን ማንን በላ ከማለት በፊት፣ ይህችን መዳፍ የምታህል ባዶ ድንጋይ ማን ቀድሞ ያዛት፣ ማንስ አስለቀቀው ብለው ይጠይቁ።

ዋናው ጋጭ በአውሮፓ ዳርቻዎች ሊምፔት የሚባለው ቀንድ አውጣ ነው። ዛጎሉ የሣር ጎጆ ጣሪያ ይመስላል፤ ትልቁ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል። ለግጦሽ ይወጣና መልሶ ወደዚያችው ስፍራው ይገባል። ብዙ ጊዜ ስለሚመላለስ የዛጎሉ ጠርዝና ድንጋዩ ተፋግፈገው እንደ ድስትና ክዳን ይገጥማሉ፤ ውሃው ሲሸሽ እርጥበቱ የማያመልጠው በዚህ ነው። ምላሱ ሞረድ ነው። ረዝሞ የተጠቀለለ ጥብጣብ ላይ ጥርስ በረድፍ ተሰክቶበታል፤ ጥርሶቹ ጎታይት በሚባል የብረት ማዕድን የጠነከሩ ናቸው። በ2015 በእንግሊዝ አገር ጥንካሬያቸው ሲለካ ከሸረሪት ድር በልጦ ተገኝቷል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እንግዲህ ማስተማሪያው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ሊምፔት ያደገውን አልጌ እምብዛም አይነካም። የሚፍቀው ድንጋዩ ላይ ያለውን በዓይን የማይለይ ቀጭን ሽፋን ነው፤ ትናንት ያረፈው ስፖርና የሳምንት ቡቃያ ያሉት በዚያ ሽፋን ውስጥ ነው። አልጌው ጣት አክሎ ከረዘመ ግን ሊምፔቱ እግሩ ሥር ቆሞ ያልፈዋል። ለተማሪዎቹ በቤተ ክርስቲያን ደን ይንገሯቸው። ቅጥር ያለው ደብርና ቅጥር የሌለው ደብር ዝግባቸው አንድ ነው፣ ወይራቸውም አንድ ነው። ልዩነቱ ከዛፎቹ ሥር ነው፤ ከብትና ፍየል በሚገባበት ችግኝ የለም። ትልቁን ዛፍ ፍየል አልበላውም፤ የሚተካውን ነው የጨረሰበት። ሊምፔትም ለአልጌው ያው ፍየል ነው።

በ1940ዎቹ መጨረሻ በአየርላንድ ባሕር ባለችው የማን ደሴት ላይ ከዳርቻው አናት እስከ ውሃው ድረስ 10 ሜትር ያህል ስፋት ካለው መቀነት ሊምፔቱ ሁሉ ተለቅሞ ተነሣ። ራቁት የነበረው ድንጋይ መጀመሪያ አረንጓዴ ለበሰ፣ ቀጥሎ ፉከስ በሚባለው ቡናማ አልጌ ጥቅጥቅ አለ። ግራና ቀኙ ባለበት ቀረ። ውሃው ያው፣ ፀሐዩ ያው፣ ማዕበሉ ያው።

ቁስቋም ሠፈር

ወንድሜ ዓለት ዳር፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ሊምፔት ሞልቶበት እያለ ከላይ እስከ ታች በቡናማ አልጌ የተሸፈነ ዳርቻ አለ፤ በተለይ ባሕሩ ወደ ውስጥ በገባበትና ጸጥ ባለበት። ፍየሉ እያለ ደኑ ከበቀለ ምሳሌው ፈረሰ ማለት አይደለም? እኔ ማዕበሉ ነው የሚወስነው እላለሁ።

ዓለት ዳር

ያነሣኸው ትክክል ነው፣ ምሳሌው ግን አልፈረሰም። ማዕበሉ የሚወስነው በአብዛኛው በእነዚሁ እንስሳት እጅ አልፎ ነው። ማዕበል በሚበረታበት ድንጋይ ላይ ባርናክል፣ ሙሰልና ሊምፔት ይመቻቸዋል፤ ምግብ ይመላለስላቸዋል፣ ጭቃ አይቀመጥባቸውም። ረጅሙን አልጌ ደግሞ ማዕበሉ ይነቅለዋል። ጸጥ ባለበት ይህ ሁሉ ይገለበጣል፤ ደለል ይተኛል፣ የባርናክል እጭ ያንሳል፣ አልጌው ከጋጩ አፍ ያመለጠ ዕለት ማንም ሳይነካው ዓመታት ይቆማል። ካደገ በኋላም ራሱን ይከላከላል፤ ማዕበል በመጣ ቁጥር ቅጠሉ እንደ መጥረጊያ ድንጋዩን ይጠርገዋል፣ ሊያርፍ የመጣውን የባርናክል እጭ ይዞት ይሄዳል።

ለቡቃያው ማምለጫ የሚሆነውም ባርናክል ነው። ባርናክል ዛጎል ስላለው ከቀንድ አውጣ ወገን ይመስላል እንጂ የሸርጣን ዘመድ ነው። እጭ ሳለ ይዋኛል፣ ቦታ ሲመርጥ በግንባሩ ተደፍቶ ራሱን በሙጫ ይለጥፋል፣ ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኩን በእግሩ ነው ምግብ ወደ አፉ የሚያስገባው። አዲስ ሲያርፍ ሊምፔት እያለፈ ይደፈጥጠዋል። አድጎ ሲጠቀጠቅ ግን ነገሩ ይዞራል፤ ሊምፔቱ በሸካራው ላይ እንደ ልቡ መሄድ አይችልም፣ ሞረዱም በዛጎሎቹ መካከል ያለው ስንጥቅ ውስጥ አይደርስም። እዚያ ስንጥቅ ውስጥ የወደቀች የፉከስ ቡቃያ ታድጋለች። ስታድግ ጥላ ትሆናለች፣ በጥላዋ ሥር ዛጎል እየበሳ ባርናክል የሚበላው «ዛጎል በሺ» ቀንድ አውጣ ይሰበሰባል፣ ባርናክሉ ያልቃል፣ ድንጋዩ ለሊምፔት ልጆች ይለሰልሳል፣ ፉከሷ አርጅታ ስትነቀል የሚተካት የለም። ድንጋዩ እንደገና ራቁቱን ይቀርና ባርናክል ይመጣበታል። ማዕበሉ መካከለኛ በሆነበት ዳርቻ አንዱ ድንጋይ ጠጉራም፣ ቀጥሎ ያለው መላጣ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ የተለያየ ዓይነት ድንጋይ ሆነው ሳይሆን በአንዱ ዙር ላይ የተለያየ ቦታ ደርሰው ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ በክፉ መንገድ ያሳየው የ1967ቱ አደጋ ነው። ማርች 18 ቀን ቶሪ ካንየን የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ ከኮርንዎል ወጣ ብሎ ዓለት ላይ ወጣች፤ 119,000 ቶን ያህል ድፍድፍ ነዳጅ ጭና ነበር። ዳርቻውን ለማጽዳት 10,000 ቶን ያህል ማሟሚያ ኬሚካል ፈሰሰ፤ ሊምፔቶቹን ከነዳጁ ይልቅ የፈጀው ይህ ማጽጃ ነው። ወዲያው ድንጋዩ አረንጓዴ ሆነ። ቀጥሎ ፉከስ ከዳር እስከ ዳር ለበሰው፣ የተረፈው ባርናክልም ከሥሩ ታፍኖ አለቀ። ከዚያ በእርጥቡ ጥላ ሥር የሊምፔት ልጆች ያለ ልክ በዙ። ፉከሱ አርጅቶ ሲያልቅ እነሱ ምግብ አጥተው ቦታቸውን እየለቀቁ ተሰደዱ፣ ብዛታቸውም አሽቆለቆለ። ዳርቻው ወደ ቀድሞ መልኩ እስኪመለስ ከ10 እስከ 15 ዓመት ፈጅቷል። ማጽጃው ያልነካቸው ዳርቻዎች በጣም ፈጥነው አገግመዋል። ድንጋዩ አረንጓዴ ሆነ ብሎ «ዳነ» ማለት ስሕተት እንደሆነ ተማሪዎቹ ይህን ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል።

እመ ደምቢያ

በባለ ዛጎሎቹ በኩል ልጨምር፤ የላይና የታች ወሰን ጉዳይ አልተነሣም።

ኮኔል የተባለው ተመራማሪ ስኮትላንድ ውስጥ ካምብሬ ደሴት ላይ ሁለት የባርናክል ዓይነቶች ተከታትሎ በ1961 ያሳተመው ሥራ ለክፍል በጣም ይመቻል። ትንሹ ከላይ፣ ትልቁ ከታች ይኖራሉ። የሁለቱም እጭ ግን ወሰኑን አልፎ ያርፋል። ትልቁ ወደ ላይ ሲወጣ ፀሐይና ድርቀት ይገድለዋል። ትንሹ ወደ ታች ሲወርድ ውሃው አይገድለውም፤ የሚገድለው ጎረቤቱ ነው፣ ከሥሩ ገብቶ ፈንቅሎ ያነሣዋል፣ አለዚያም ላዩ ላይ አድጎ ይጨፈልቀዋል። ኮኔል ትልቁን እየነቀለ ትንሹን ብቻውን ሲተወው ከታችም ኖረ። ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ የላዩን ወሰን የሚያሰምረው ድርቀት፣ የታቹን የሚያሰምረው ሌላ ፍጡር።

ሙሰል ደግሞ ቦታ በመያዝ የሚስተካከለው የለም። ከእግሩ እንደ ክር ያለ ነገር እየፈተለ ራሱን በድንጋዩና በጎረቤቱ ላይ ያስራል፤ ከተደራረበ ባርናክሉንም አልጌውንም ከሥሩ ይቀብራል። ዛጎል በሺው ቀንድ አውጣ ሊበላው ሲመጣም ሙሰሎቹ በዚያው ክር ተጋግዘው ያስሩታል፤ ታስሮ የሞተ ቀንድ አውጣ በሙሰል መካከል ይገኛል።

ይህን ቀማኛ የሚገታው በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ኮከብ ዓሣ ነው። ፔይን የተባለው ተመራማሪ ከ1963 ጀምሮ በዋሽንግተን ግዛት ሙካው የባሕር ወሽመጥ ላይ 8 ሜትር በ2 ሜትር ከሆነ ቦታ ኮከብ ዓሣውን እያነሣ ወደ ጥልቁ ወረወረ። በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ ከ15 ዝርያ ወደ 8 መውረዱን አሳየ፤ ሙሰሉ ወደ ታች እየወረደ ሌላውን ሁሉ አስለቀቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ ለእንዲህ ያለው ፍጡር «ኪስቶን» የሚል ስም አወጣለት። እኛ አገር አንዳንዱ «የማዕዘን ድንጋይ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ አይደለም። የማዕዘን ድንጋይ ከመሠረት ነው፣ ሸክም ይሸከማል። ፔይን ያለው የቅስት አናት ድንጋይ ነው። ፋሲል ግቢ ወስዳችሁ በር ላይ ያለውን ቅስት አሳዩአቸው፤ ከላይ መካከል ላይ ያለችው ድንጋይ ከሌሎቹ አትበልጥም፣ ብዙ ክብደትም አትሸከም፣ እሷ ከወጣች ግን ግራና ቀኙ ይናዳል። ብዛቱ ትንሽ፣ ሥራው ትልቅ ማለት ነው።

ቁስቋም ሠፈር

እናመሰግናለን እሜቴ። እንግዲያው ደንቡ «ጋጭና አዳኝ ካለ ዝርያ ይበዛል» ነው ማለት ነው?

ዓለት ዳር

አይደለም፣ እንዲህ ብላችሁ ክፍል እንዳትገቡ። ጋጩ የሚመርጠው የትኛውን ነው? የሚመርጠው ደግሞ አሸናፊውን ነው ወይስ ተሸናፊውን? ሁሉም በዚህ ይወሰናል።

ሉብቼንኮ የተባለችው ተመራማሪ በ1978 በአሜሪካ ኒው ኢንግላንድ ዳርቻ ያሳየችው ይህንን ነው። እዚያ ዋናው ጋጭ ሊቶሪና የሚባል ቀንድ አውጣ ነው፣ ለስላሳውን አረንጓዴ አልጌ ይወዳል፣ ኮንድረስ የሚባለውን ጠንካራ ቀይ አልጌ አይወድም። ውሃ በቋጠሩ የድንጋይ ጉድጓዶች ውስጥ አረንጓዴው ፈጥኖ ሌላውን ይሸፍናል፤ ስለዚህ ቀንድ አውጣው በመጠኑ ሲሆን የአልጌው ዓይነት በጣም ይበዛል፣ ሲያንስ አረንጓዴው ብቻ፣ ሲበዛ የማይበላው ብቻ ይቀራል። ውሃ በሚሸሽበት ገላጣ ድንጋይ ላይ ግን የሚያሸንፈው ጠንካራው አልጌ ነው። እዚያ ያው ቀንድ አውጣ የሚበላው ቀድሞውኑ የተሸነፈውን ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን የአልጌው ዓይነት ዝም ብሎ ይቀንሳል። ጉድጓዱና ገላጣው ብዙ አይራራቁም።

አዳኝና ታዳኝ ቦታ የሚለዋወጡበትም አለ። በደቡብ አፍሪካ ማልጋስና ማርከስ የሚባሉ ሁለት ደሴቶች 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። በማልጋስ የድንጋይ ሎብስተር (የሸርጣን ዘመድ የሆነ ትልቅ እንስሳ) ሞልቶ ሙሰልና ቀንድ አውጣ ይበላል፣ ድንጋዩም አልጌ ነው። በማርከስ ሎብስተር የለም፣ ሙሰልና ሥጋ በል ቀንድ አውጣ ተነባብሯል። በ1988 የታተመው ጥናት እንደሚለው 1,000 ሎብስተር ወደ ማርከስ ቢወሰድ ቀንድ አውጣዎቹ እየከበቡ በሳምንት ውስጥ ጨረሷቸው። ማን አዳኝ እንደሆነ የወሰነው ማን ቀድሞ በዝቶ መገኘቱ ነው።

መምህር ዘአዘዞ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንደኛው ጥያቄ ከጠበቅሁት በላይ ተመልሷል። ሁለተኛውስ? ጣና ላይ ሊምፔትም ባርናክልም የለም።

እመ ደምቢያ

የቦታ ሽሚያውን ጣና ላይ አያገኙትም፤ እሱን በሥዕል ያስተምሩ። ሙላትና ጉድለቱም አንድ አይደለም፤ ባሕሩ በአብዛኛው ዳርቻ በቀን ሁለት ጊዜ ይመላለሳል፣ ጣና በዓመት አንድ ጊዜ ነው፣ ያውም 1.5 ሜትር ያህል። የግጦሹን ነገር ግን ጎርጎራ ድንጋይ ላይ በደንብ ያያሉ። እግር የሚያሙለጨልጨው አረንጓዴ አልጌ ነው። የሚግጡት ቀንድ አውጣዎችና ጋራ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ናቸው። ዓሣው አገጩ ሥር መጥበቂያ አለው፣ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ በከንፈሩ ይፍቃል። አንደኛው ዝርያ በሳይንሳዊ ስሙ ከነደምቢያችን ተጠርቷል፦ ጋራ ደምቢንሲስ።

መቀመጫው ገል ይሁን። ወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ የተሰበረ ምጣድ አይጠፋም፤ ያልተሟሸ መሆን አለበት። የተሟሸ ምጣድ ዘይት ስለጠጣ አልጌ አይዝበትም፣ ይህን ያልተጠነቀቀ «ጋጭ ጨረሰው» ብሎ ይደመድማል። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር እየተደረገ 16 ገል ከአንድ ምጣድ ቢወጣ ጥሩ ነው፣ ሸካራነቱ እኩል ይሆናል። ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ይዘፍዘፉና በብሩሽ ይታጠቡ፤ ሳሙና አይነካቸው።

ለእያንዳንዱ ባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ አፍስሰው 25 ሴንቲ ሜትር ፌሮ ያቁሙ፣ ገሉን ፌሮው አናት ላይ በሲሊኮን ይለጥፉ፣ ሁለት ቀን ይድረቅ። አሁን ሁለቱን ጋጮች መለየት ይቻላል። ፌሮው ወገብ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወፍራም ቫዝሊን ከተቀባ ቀንድ አውጣ አይወጣም፣ ዓሣ ግን ይደርሳል። ገሉ 1 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ባለው ሽቦ ቢከደን ዓሣ አይገባም፣ ትናንሽ ቀንድ አውጣ ግን ይገባል። ስለዚህ አራቱ ቫዝሊን ብቻ፣ አራቱ ሽቦ ብቻ፣ አራቱ ሁለቱም፣ አራቱ ምንም የሌላቸው ይሁኑ። ምንም የሌላቸው ላይ ሁለት ጎኑ ክፍት የሆነ የሽቦ ጣሪያ ያድርጉ፣ ቫዝሊን ብቻ ባላቸውም ላይ እንዲሁ። አለዚያ በመጨረሻ የለካችሁት ጋጩን ይሁን የሽቦውን ጥላ አታውቁትም። የመዳብ ሽቦ አይሁን፤ ባሕር ላይ የመዳብ ቀለም ለሊምፔት አጥርነት ይውላል፣ ትንሽ ገል ላይ ግን አልጌውንም ይመርዛል።

ጊዜው ከኅዳር እስከ ጥር ይሁን። ክረምት ላይ ውሃው ደፍርሶ ብርሃን አይደርስም። ከጥቅምት በኋላ ሐይቁ እየጎደለ ስለሚሄድ፣ በወር ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ቢቀንስ ሙከራው በሚቆይበት ስድስት ሳምንት 30 ነው፤ ስለዚህ ገሉ ሲቀመጥ ከውሃው ገጽ 60 ሴንቲ ሜትር ይውረድ። 30 ላይ ያስቀመጠ ሰው በመጨረሻ ደረቅ ላይ ያገኘዋል። ቫዝሊኑ በየሳምንቱ ይታደስ። ፌሮው ምንም ነገር እንዳይነካው፤ አንድ ደንገል ወይም ክር ዘንበል ብሎ ከነካው ለቀንድ አውጣው ድልድይ ሆነው ማለት ነው።

ቆጠራው ቀላል ነው። 8 በ8 ሴንቲ ሜትር ላስቲክ ላይ 50 ነጥብ ያድርጉ፣ ገሉ መካከል ላይ ያስቀምጡት፣ ከስንቱ ነጥብ ሥር አልጌ እንዳለ ይቁጠሩ፣ በሁለት ያባዙት፤ መቶኛው ወጣ። ከቆጠራው በፊት ገሉን ሳፋ ውሃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ቀስ አድርገው ያጥልቁት፤ የጣና ደለል ቡናማ ስለሆነ ዲያተም ከሚባለው ቡናማ አልጌ ጋር ያሳስታል። በጣት ሲነካ ደለል ይበተናል፣ ዲያተም ያሙለጨልጫል።

በሦስተኛው ሳምንት ቀንድ አውጣ የደረሰበትን አንዱን ገል አንሥተው በማጉያ ያሳዩአቸው። በአረንጓዴው ላይ የሸክላው ቀይ እንደ እባብ አካሄድ እየተጠማዘዘ ይታያል። መሥመሩ ውስጥ ደግሞ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ የተጫሩ ቀጫጭን ጭረቶች አሉ፤ እያንዳንዷ ጭረት አንድ የምላስ ምት ናት። የሊምፔትም አሻራ እንዲሁ ነው።

ቀንድ አውጣ ቤት

ይቅርታ ላቋርጥ፣ ተማሪ ጎርጎራ ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይህ ይነበብ። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ። አስተላላፊው ባዮምፋላሪያ የሚባል ቀንድ አውጣ ነው፤ እንደ ተጠቀለለ ቀበቶ ጠፍጣፋ፣ ሾጣጣ አናት የሌለው፣ ብዙ ጊዜ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ። ከእሱ የሚወጣው እጭ ጤነኛ ቆዳን በደቂቃዎች ውስጥ በስቶ ይገባል፣ ቁስል አያስፈልገውም። በብዛት የሚለቀቀው ፀሐይ ሲበረታ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ጧት መግባት አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ገሉን የሚያስቀምጠው አንድ አዋቂ ይሁን፣ እስከ ጭን የሚደርስ ቦቲና እስከ ብብት የሚደርስ የላስቲክ ጓንት ይልበስ፣ ወይም ከጀልባ በገመድ ይውረድ። ውሃ የነካው ሰው ለጤና ባለሙያ ይንገር፤ መድኃኒቱ አለ፣ ምርመራው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው የሚያሳየው።

ለተማሪ እኔ የምመክረው የሳፋውን ሙከራ ነው። እዚያም ቢሆን ከሐይቅ የተለቀመ ቀንድ አውጣ ሳፋ ውስጥ አይግባ፤ በበሽታ የተያዘ ከሆነ ሳፋው ውስጥም እጭ ይለቃል። ከእንቁላል ያሳድጉት። ዕፅዋት ቅጠል ጀርባና ተንሳፋፊ ላስቲክ ላይ እንደ ጄል ያለ ግልጽ የእንቁላል እሽግ አለ። በጓንት ተነሥቶ፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ታጥቦ ለብቻው ይቀመጥ፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈለፈላል። ተውሳኩ በእንቁላል አይተላለፍም፣ ስለዚህ ሰው ውሃ በማይነካው ዕቃ ውስጥ ያደገ ቀንድ አውጣ ንጹሕ ነው። ቀቀል ያለ ሰላጣ ወይም ጎመን ይመገባል፤ ዛጎሉ እንዳይሳሳ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ጣል ያድርጉ። ለሥራ የሚሆን መጠን እስኪደርስ ሁለት ወር ያህል ይቆጥሩ። ሙከራው ሲያልቅ ቀንድ አውጣው ወደ ወንዝ አይጣል።

መምህር ዘአዘዞ

ይህን ባለማወቄ ልጆቹን ይዤ ልወርድ ነበር። ሳፋው ይሁን። ስንት ሳፋ፣ ስንት ቀንድ አውጣ? አልጌውንስ ከየት እናምጣ?

እመ ደምቢያ

ስምንት ባለ 20 ሊትር ሳፋ፣ እያንዳንዱ ውስጥ 10 ሊትር ውሃ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ አንድ ቀን ገላጣ ላይ ይደር፣ ክሎሪኑ ይውጣ። ከእያንዳንዱ ሳፋ ሥር ሦስት ገል ያንጥፉ። ለአልጌው ዘር ከኩሬ ድንጋይ በብሩሽ የተፋቀ አረንጓዴ በቂ ነው፤ ፋቂው ጓንት ያድርግ፣ ውሃው በነጠላ ይጠለልና ቀንድ አውጣ ሳይኖርበት ሁለት ቀን ይቀመጥ፣ እጭ ከነበረበት ይሞታል። ለማዳበሪያ አንድ እፍኝ የጓሮ አፈር በጨርቅ ታስሮ ይግባ። በሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ገሉ አረንጓዴ ይለብሳል። ከዚያ ቀንድ አውጣ፦ ሁለቱ ሳፋ ዜሮ፣ ሁለቱ 2፣ ሁለቱ 6፣ ሁለቱ 15። የትኛው ስንት እንደሚያገኝ በዕጣ ይለይ፤ በተርታ ከሆነ ከግድግዳው ጥላ ጋር ይዛመድና ውጤቱ ይበላሻል። ጎንደር ፀሐዩ ይበረታልና እኩለ ቀን ላይ ጥላ ያለበት ቦታ ይምረጡ፣ የተነነውን ውሃ በየሁለት ቀኑ ይሙሉ።

ሁለት ቀንድ አውጣ ያለበት ሳፋ ምንም ከሌለበት ይልቅ ቢለመልም አትደንግጡ። ኩሱ ማዳበሪያ ነው፣ ያረጀውንም ስለሚያነሣ አዲሱ ብርሃን ያገኛል።

ዓለት ዳር

ይህንን ካዩ በኋላ አንድ ነገር ይጨምሩልኝ መምህር። ከዜሮዎቹ አንዱ ሳፋ አልጌው ጣት እስኪያክል ይረዝም፣ ከዚያ 6 ቀንድ አውጣ ይግባበት። ከመጀመሪያው ጀምሮ 6 ከነበረበት ጋር ያስተያዩት። ቁጥሩ አንድ ነው፣ የገባበት ቀን ግን ይለያል። ቡቃያውን ያገኘው ገሉን ያራቁታል፤ ካደገ በኋላ የደረሰው ሥር ሥሩን ሲፍቅ ይከርማል። ከሦስቱ ክፍለ ጊዜ አንዱን ለዚህ ብቻ ቢሰጡት አይቆጭም።

መምህር ዘአዘዞ

ይጨመራል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሳፋዎቹ አፋቸው ክፍት ሆነው ይቆዩ?

ቀንድ አውጣ ቤት

በፍጹም፤ ክፍት ከሆኑ የወባ ትንኝም ሌላውም ይፈለፈልባቸዋል። ለሙከራውም ይከፋል፣ የትንኝ እጭ ራሱ አልጌ ይበላል፣ ዜሮ ያላችሁት ሳፋ ዜሮ አይሆንም። በአሮጌ አጎበር ይሸፈኑ፣ ጠርዙ በላስቲክ ይታሰር። አጎበሩ በመድኃኒት የተነከረ ከሆነ ግን ውሃውን እንዳይነካ ይወጠር፣ ቢቻል ያልተነከረ ይፈለግ። ስምንቱም እኩል ይሸፈኑ፣ ጥላው እኩል እንዲሆን።